ኳድሮ ለጌም ይበልጣልን?

በመኝታ ክፍሎቻችን ከፈተና ይልቅ ድምፅ የሚያስነሣ አንድ ክርክር ከተጀመረ ቆይቷል። ይኸውም «ለባለሙያ የተሠራው ግራፊክስ ካርድ፣ ኳድሮ የሚባለው፣ ለተራው ሰው ከተሠራው ጂፎርስ ይልቅ የጌሙን ሥዕል አጥርቶ ያሳያል» የሚል ነው። ማስረጃ አምጡ ሲባሉ የሚያቀርቡት ዋጋውን ነው። ነገሩ የጨዋታ ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልን ነበር። ነገር ግን በውጭ አገር ቢሮዎች አገልግለው የሚመጡትን «ወርክስቴሽን» የተባሉ ኮምፒዩተሮች ከአዲስ አበባ ወደ ሮቤና ጎባ የሚያስመጡ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፣ ለስሙ ብለው ብቻ ተጨማሪ ብር ሲከፍሉ እናያለን። ያ ብር ለብዙዎቻችን የሲናና ወይም የአጋርፋ ስንዴ ተሸጦ የተላከ ነው።

አባባሉ ስሕተት ነው። ሁለቱንም ካርዶች ያወጣው አንድ ኩባንያ፣ ኤንቪዲያ ነው፤ በውስጣቸው ያለውም ቺፕ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው። የባሌ ገበሬ ልጅ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ከአንድ ማሳ ከታጨደው ስንዴ ከፊሉ ተፈትኖ «ምርጥ ዘር» ተብሎ በውድ ይሸጣል፤ ሌላው ወደ ወፍጮ ይሄዳል። ምርጥ ዘሩን አስፈጭቶ የሚጋግር ሰው ግን የተለየ ዳቦ አይበላም። በቁጥር እንነጋገር ከተባለም፣ ኳድሮ ኬ2000 እ.ኤ.አ. በ2013 ሲወጣ ዋጋው 599 ዶላር ነበር። ጂፎርስ ጂቲኤክስ 650 ደግሞ በ2012 በ109 ዶላር ወጥቷል። ሁለቱም ጂኬ107 የተባለውን ቺፕ ይዘዋል፤ ሁለቱም 384 ኮር አላቸው። እንዲያውም የርካሹ ሜሞሪ በሰከንድ 80 ጊጋባይት ሲያመላልስ የውዱ 64 ብቻ ነው!

ጌሙ «ይህን ቅጠል በዚህ ቦታ፣ በዚህ ጥላ ሣል» ብሎ በዳይሬክትኤክስ ወይም በቩልካን በኩል ያዛል፤ ካርዱም ያሰላል። ትእዛዙና ሴቲንጉ አንድ ከሆነ፣ ከሁለቱ ካርዶች የሚወጣው ሥዕል በዐይን የሚለይ አይደለም። የሚለየው ፍጥነቱ ነው፤ ማለትም በሰከንድ ስንት ፍሬም ይወጣል የሚለው። በዚህም ቢሆን ለጌም ተብሎ የተሠራው ካርድ በአብዛኛው ይቀድማል።

ሐሳቡ ግን ከባዶ አልተነሣም። ሞኒተር በቪጂኤ ገመድ ብቻ በሚገናኝበት ዘመን ቁጥሩን ወደ አናሎግ ምልክት የሚለውጠው ካርዱ ራሱ ነበር፤ ርካሽ ዕቃ የተገጠመበት ካርድ ሥዕሉን ያደበዝዝ ነበር። በ1990ዎቹ ማትሮክስ የተባለው ኩባንያ በጥራት የተመሰገነው በዚሁ ነው። ዲቪአይና ኤችዲኤምአይ ከመጡ ወዲህ ቁጥሩ እንደ ቁጥርነቱ ስለሚተላለፍ ልዩነቱ ጠፍቷል። ሌላው ምክንያት የ10 ቢት ቀለም ነው። እንደ ፎቶሾፕ ባሉ ፕሮግራሞች ለብዙ ጊዜ ለኳድሮ ብቻ የተፈቀደ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ግን ኩባንያው ለጂፎርስም ፈቀደ።

ታዲያ ትርፉ ገንዘብ የሚከፈለው ለምንድን ነው? ድራይቨሩ ከአውቶካድና ከሶሊድወርክስ ጋር ተፈትኖ ስለ ተረጋገጠ፣ በትልልቆቹ ሞዴሎች ላይም ስሕተቱን በራሱ የሚያርም ሜሞሪ ስለሚገጠም ነው። ድልድይ ለሚነድፍ የምሕንድስና ተማሪ ይህ ዋጋ አለው፤ ኳስ ለሚያጫውት ግን የለውም። ፍርዳችን እንዳያጋድል አንድ ነገር እንጨምር፦ ኬ2000 የሚበላው 51 ዋት ብቻ ስለሆነ፣ ተጨማሪ የኃይል ገመድ በሌለው አሮጌ ኮምፒዩተር ውስጥ ያለ ችግር ይገባል። በርካሽ ከተገኘ ይገዛ። ሆኖም ለዚያ ትውልድ የጌም ድራይቨር ማደስ እ.ኤ.አ. በ2021 መቆሙን፣ ብዙ አዳዲስ ጌሞችም እንደማይከፈቱበት ሻጩ አይነግራችሁም።

«ተማሪ ጌም ምን ያደርግለታል?» የሚሉንም አሉ። የሳነቴ ብርድ ማታ ማታ ወደ ሮቤ ሲወርድ በአንድ ኮምፒዩተር ዙሪያ ተሰብስቦ መሳቅ ከመጠጥ ቤት ይሻላል እንላለን፤ ከዚህ በላይ አንከራከርም።

ሥዕሉ እንዲጠራ የሚፈልግ ገንዘቡን በሞኒተር ላይ ያውል። 1366 በ768 ነጥብ ያለውን የላፕቶፕ መስተዋት የትኛውም ካርድ አያጠራውም። ዕቃ ለመግዛት አዲስ አበባ የሚወርድ ጓደኛችንም ሻጩ ጂፒዩ-ዚ የተባለውን ነጻ ፕሮግራም እንዲከፍትለት ይጠይቅ፤ የቺፑ ትክክለኛ ስም እዚያው ይታያል። ከዚያም የሚወደውን ጌም ግማሽ ሰዓት ተጫውቶ ይክፈል። ማኅበራችንም የካርዶቹንና የቺፖቻቸውን ስም ጎን ለጎን ጽፎ፣ ለእረፍት ከመበተናችን በፊት፣ በካፍቴሪያው በር ላይ እንዲለጥፍልን እንጠይቃለን።