የሸዋሮቢት ማሾ በነጋዴው ስም ይውጣ

ከሸዋሮቢት በአይሱዙ ተጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ማሾ ጂቡቲ የሚደርሰው በሌላ ሰው ስም ነው። ገበሬው ደጅ ድረስ ሄዶ የገዛው፣ ያስለቀመውና መጋዘን ተከራይቶ ያከማቸው የቀወት ነጋዴ አቅራቢ ተብሎ ይቀራል። ላኪ የሚባለው ሌላ ነው።

ይህ የሆነው ገዢ ጠፍቶ አይደለም። ማሾ በአገር ቤት ለወጥ ብዙም አይፈለግም፤ በይፋት ቆላ የሚዘራው በአብዛኛው የህንድና የኢንዶኔዥያ ገዢ ታስቦ ነው። በ2006 ዓ.ም. ወደ ምርት ገበያ የገባውም ለዚሁ ነው። እንቅፋቱ ዋጋው ነበር። ዶላር የተራበ አስመጪ ማሾ የሚገዛው ሊያተርፍበት ሳይሆን የውጭ ምንዛሪ ሊያገኝበት ነበር። እዚህ አስወድዶ ይገዛል፣ ባሕር ማዶ አርክሶ ይሸጣል፣ ኪሳራውን በሚያስመጣው ብረት ወይም ጎማ ላይ ይጭነዋል። የሚያስመጣው ዕቃ የሌለው የሸዋሮቢት ነጋዴ ከዚህ ሰው ጋር በምን ሒሳብ ይወዳደር?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ ይህ ስሌት ተናጋ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ 100 ብር አለፈ፤ ላኪውም ካገኘው ግማሹን ለራሱ እንዲይዝ ተፈቀደለት። በኪሳራ መላክ ጨርሶ ቀርቷል ማለት የዋህነት ነው። ቢሆንም ማሾ በራሱ ዋጋ የሚያዋጣበት ዕድል ለአነስተኛው ነጋዴ የተከፈተው አሁን ነው።

የተከፈተው ግን ለእሱ ብቻ አይደለም። በዚያው በ2016 ዓ.ም. የውጭ ባለሀብቶችም ጥራጥሬ እንዲልኩ ተፈቅዷል። በአገራቸው ባንክ በዝቅተኛ ወለድ የተበደሩ ሰዎች ሸዋሮቢት ድረስ ቢመጡ ነጋዴው ጌታ ይለውጥ ይሆናል እንጂ አቅራቢነቱ አይቀርለትም።

ብቻውን መላክ ይከብደዋል። አንድ ኮንቴይነር ከ200 ኩንታል በላይ ይጠይቃል፣ ገንዘቡ እስኪመለስም ሳምንታት ያልፋሉ። ባንክ ደግሞ የሚጠይቀው ቤት ነው፤ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በግጭትና በጦርነት በተጎዳች ከተማ ለዋስትና የሚበቃ ቤት ያለው ስንቱ ነው? አራት አምስት ሆነው በሽርክና ቢገቡ ግን የአንድ ኮንቴይነር ሸክም ይቀልላቸዋል። መጀመሪያ ሊገዙ የሚገባው የማበጠሪያ ማሽን ነው። ዛሬ አፈርና ገለባው ሳይቀር ኪራይ ተከፍሎበት 225 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ወደ አዲስ አበባ ይጓዛል። መንገዱ ሰላም ሲሆን በኮምቦልቻና በሚሌ አድርጎ ወደ ጂቡቲ መውረድ ይቻል ነበር።

ለነገሩ ይፋት ለውጭ ንግድ እንግዳ አይደለም፤ ከአንኮበር ግርጌ ያለችው አልዩ አምባ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የታጁራ ሲራራ ነጋዴ ማራገፊያ ነበረች።

ሸሪኮቹ ህንድን ብቻ አምነው እንዳይነሱ ግን ሊታሰብበት ይገባል። የህንድ መንግሥት ግንቦት 2013 ዓ.ም. ማሾ በነፃ እንዲገባ ፈቅዶ፣ የካቲት 2014 ዓ.ም. መልሶ ገድቦታል። ዘጠኝ ወር ብቻ ነበር።