ገበሬውን ማንሳት ዋልያን ማዳን አይደለም

አራት ኪሎ ባሉት መሥሪያ ቤቶች አንድ አቋም መንግሥት ሲለዋወጥ እንኳ ሳይለወጥ ይወራረሳል፦ የዱር እንስሳ የሚጠበቀው ሰው ከፓርክ ሲወጣ ነው የሚል። በንጉሡ ዘመን አዋሽ ላይ ከረዩዎች ከግጦሻቸው ተገፉ። ደርግ በ1971 ዓ.ም. ገደማ ከሰሜን ተራሮች ከሺህ በላይ ሰው አስነሣ። በኢሕአዴግ ጊዜ ደግሞ ተራው የግጭ መንደር ሆነ።

ግጭ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ገብስ የሚዘራባት፣ በግና ከብት የሚረባባት የቆየች መንደር ነበረች። ዩኔስኮ በ1989 ዓ.ም. ፓርኩን አደጋ ላይ ባሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አስገባው፤ የሰፈራና የግጦሽ ጫናው ይቀነስ ተባለ። ከ400 በላይ አባወራዎች ካሳ ተቀብለው ወደ ደባርቅ ወረዱ፤ ፓርኩም በ2009 ዓ.ም. ከመዝገቡ ወጣ። ልቅ ግጦሹ ሣሩን መጉዳቱ እውነት ነው። ሆኖም ገበሬው ጠላት ተብሎ ሲወጣ፣ መኪና የሚያልፍበት መንገድና የቱሪስት ሎጅ እዚያው ፓርኩ ውስጥ ልማት ተብለው ቀሩ። ይህ ምን ዓይነት ፍርድ ነው?

ካሳ ብር ነው፤ ብር ያልቃል። ዕድሜውን ሞፈር ይዞ የኖረ ሰው ከተማ ስለገባ ብቻ ነጋዴ አይሆንም። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ጎረቤቶቻችንን ወደ ከተማው ዳር የሸኘን የአራዳ ሰዎች ይህን ለመረዳት ደባርቅ ድረስ መሄድ አያሻንም። ቤት ይተካል፤ ዕድርና ደንበኛ ግን ከዕቃው ጋር አይጫኑም።

ዋልያስ ተረፈ? ግጭ ከተነሣች በኋላ ጦርነት መጣ፣ ጥበቃው ላላ፣ የዋልያም ቁጥር አሽቆለቆለ። ጥበቃው በስካውት ጠመንጃ ላይ ብቻ ሲቆም፣ ጠመንጃው ወደ ሌላ ጉዳይ በዞረ ቀን ለዋልያ የሚቆረቆር ሰው አይኖርም።

ሌላ መንገድ እንዳለ ለማየት የመንዝን የጓሳ ሣር ምድር እንይ። የመንዝ ሰው ለመቶዎች ዓመታት በራሱ ደንብ ጠብቆታል። የጓሳ ሣር ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል። ስለዚህም ለዓመታት ተከልሎ ይቆይና ሽማግሌዎች በወሰኑት ጊዜ ብቻ ለአጨዳ ይከፈታል፤ ተደብቆ ያጨደ ይቀጣል። ሥርዓቱን ያናጋው የ1967 የመሬት አዋጅ ነው፤ ማለትም ከመሃል የወጣ ሕግ እንጂ የነዋሪው ስግብግብነት አይደለም። ሕዝቡ ግን ኮሚቴ አቋቁሞ መልሶ ያዘው። ዛሬም ቀይ ቀበሮና ጭላዳ እዚያ የሚኖሩት ሣሩ የእኔ ነው በሚል ገበሬ መካከል ነው።

ሕግ የምታወጡ ሰዎች፣ ከማንሳት በፊት ተካፋይ ማድረግን በአዋጅ አስገድዱ። ከፓርኩ መግቢያ ክፍያ መንደሩ ድርሻ ይኑረው፤ ሣር የሚታጨድበትን ጊዜና መጠን ነዋሪው ራሱ ይወስን፤ የፓርክ ወሰን ሲካለልም ገበሬው ከካርታው በፊት ይጠየቅ።