ጥንታዊ መልክ ያለው አዲስ ጌጥ በእውነተኛ ስሙ ይሸጥ

የጌጣጌጥ ንግድ ከሌላው ንግድ የሚለይበት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ገዢው የዕቃውን ጥራት በዓይኑ አይቶ ለመፍረድ አለመቻሉ ነው። ጨርቅ የሚገዛ ዳስሶ፥ ቡና የሚገዛ ቀምሶ ያውቃል፤ የብር መስቀል ወይም ጉትቻ የሚገዛ ግን የሻጩን ቃል ከማመን በቀር ብዙ አማራጭ የለውም። ስለዚህ የዚህ ንግድ ዋና ካፒታል ብሩም ወናፉም ሳይሆን የነጋዴው ቃል ነው።

በአዲስ አበባ፥ በአክሱምና በሐረር የጥንቱን አሠራር ተከትለው የአንገት መስቀል፥ ድሪ፥ አምባር፥ አልቦና ጠልሰም የሚሠሩ አንጥረኞች ይገኛሉ። ሥራ ቤታቸው ብዙውን ጊዜ ትንሽ ነው፤ አንድ ባለሙያ፥ አንድ ወይም ሁለት ረዳት፥ መዶሻ፥ ጉጠት፥ ሞረድና ማቅለጫ እሳት ይበቁታል። ሙያው ግን ትንሽ አይደለም። የአክሱም ነገሥታት ገንዘባቸውን በወርቅ፥ በብርና በነሐስ ከማስመታታቸውም በላይ፥ በብሩና በነሐሱ ገንዘብ ላይ ያለውን ምስል በከፊል በወርቅ ያስለብጡ እንደነበር በእጅ ያሉት ገንዘቦች ይመሰክራሉ። እንግዲህ የጥንቱን ጌጥ አብነት አድርጎ አዲስ መሥራት የሚያኮራ ሥራ እንጂ የሚያሳፍር አይደለም። የሚያሳፍረው አዲሱን አሮጌ ነው ብሎ መሸጥ ነው።

ብር በድኝ ሲነካ እንደሚጠቁር ማንኛውም አንጥረኛ ያውቃል። የቅርጹ ጥልቀት እንዲታይ ጎድጓዳውን ማጥቆር የታወቀ የማስጌጥ ዘዴ ነው፤ ያንኑ ጥቁረት የዘመን ብዛት ያመጣው ነው ብሎ መናገር ግን ማታለል ነው። ነጋዴው አንድ ነገር አይዘንጋ፤ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ሊወጣ አይችልም። ትናንት የተሠራውን መስቀል «መቶ ዓመት ያለው ነው» ብሎ የሸጠ ሰው፥ ዕቃው በጉምሩክ ሲያዝ ራሱን ከሁለት አንዱ ላይ ያገኘዋል፤ እውነት ከተናገረ ሕግ ጥሷል፥ ሐሰት ከተናገረ ገዢውን አታሏል። የላሊበላው አፍሮ አይገባ መስቀል በ1989 ዓ.ም. ተሰርቆ ወደ ውጭ አገር ከወጣ በኋላ ተገኝቶ መመለሱ የሚታወስ ስለሆነ፥ በዚህ ረገድ የሚደረገው ጥንቃቄ ያለ ምክንያት አይደለም።

ሁለተኛው ነገር የብሩ ጥራት ነው። ከጥንት ጀምሮ የአንጥረኛው ዋና ጥሬ ዕቃ ጠገራ ብር ነበር። ይህ የማርያ ቴሬዛ ገንዘብ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር፥ የቀረው መዳብ ነው። በላዩ የተጻፈው በአውሮፓ አቈጣጠር 1780 የሚለው ዓመትም የጌጡን ዕድሜ አያስረዳም፤ ከዚያ ዓመት በኋላ የተመታው ሁሉ ያንኑ ቍጥር ይዞ የወጣ ሲሆን፥ የቪየናው ገንዘብ መምቻ ዛሬም እንደዚያው አድርጎ ይመታዋል።

ከጠገራ ብር የተሠራ ጌጥ ላይ 925 የሚል ማኅተም የሚያሳርፍ ሰው ሳያውቅም ቢሆን ሐሰት ይጽፋል። አንዱን ጠገራ ወደ 925 ለማድረስ 34 ግራም ያህል ንጹሕ ብር ሊጨመርበት ያስፈልጋልና። በእንግሊዝ አገር ከ7.78 ግራም በላይ የሚመዝን ዕቃ ተፈትኖ ካልታተመ በቀር «ብር» ተብሎ ሊሸጥ አይችልም፤ የጠገራ ብር ጌጥም ቢፈተን የሚያገኘው የ800 ማኅተም ነው። በአሜሪካም ያለ ማብራሪያ «ብር» ለመባል 925 መድረስ ይጠበቅበታል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ደግሞ በጌጥ ውስጥ የሚገኝ እርሳስ ከመቶ 0.05፥ ካድሚየም ከመቶ 0.01 እንዳይበልጥ ተወስኗል፤ ስለዚህ ላኪው ለመበየጃ የገባውን ማዕድን ጭምር ጠይቆ ማወቅ ይገባዋል።

ሦስተኛው ከሁሉም የከበደው የዋጋ አወሳሰን ነው። በገበያ የተለመደው ጌጡን በሚዛን አስቀምጦ በግራም ወይም በወቄት ሒሳብ መክፈል ነው። ይህ ልማድ ወፍራሙንና ቀላሉን ሥራ ይክሳል፥ ረቂቁንና አድካሚውን ይቀጣል። ብርን እንደ ክር አቅጥኖ፥ ጠምዝዞ፥ በጥቃቅን እንክብል አስጊጦ ጉትቻ የሚሠራ ባለሙያ ብዙ ቀን ደክሞ በሚዛን ላይ ጥቂት ግራም ብቻ ያሳያል። በሰም ቀርጾ፥ በጭቃ ሸፍኖ፥ ሰሙን አቅልጦ ብሩን የሚያፈስም እንደዚሁ ነው፤ የጭቃው ቅርጽ ተሰብሮ ስለሚወጣ ለሚቀጥለው መስቀል ሥራውን ከመጀመሪያው ይጀምራል። እንዲህ ያለው ሰው በሚዛን ብቻ ከተከፈለው፥ ወይ ሙያውን ይተዋል ወይ ሥራውን ያበላሻል።

የዚህ ልማድ ሥር ሙያን ከመናቅ የመጣ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል፤ ስድቡ በአዋጅ ቢከለከልም ንቀቱ በሒሳብ መዝገብ ውስጥ ቀርቷል። የድካም ዋጋ በደረሰኝ ላይ ለብቻው ካልተጻፈ፥ ድካሙ እንዳልነበረ ይቈጠራል።

አንዳንድ ባለ ሱቆች «ገዢው የሚፈልገው አሮጌ ነው፤ አዲስ ካልነው ትቶን ይሄዳል» ይላሉ። አንዳንዱ ገዢ እንደሚሄድ አይካድም። ነገር ግን አሮጌ ነው ተብሎ የተታለለው ገዢ አገሩ ገብቶ ሲያስመረምር እውነቱን ማወቁ አይቀርም፤ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ያን ጊዜ ስሙ የሚጠፋው የአንዱ ሱቅ ብቻ ሳይሆን የጐረቤቱም ጭምር ነው። የሠሪውን ምልክት፥ የተሠራበትን ዓመትና የብሩን ልክ ይዞ የተሸጠ ጌጥ ግን ከዘመን በኋላ በራሱ መብት ጥንታዊ ይሆናል፤ ምስክሩም ከላዩ አይጠፋም።

እንግዲህ መደረግ የሚገባው ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። ሥራ ቤቱ የራሱን ምልክትና እውነተኛውን የጥራት ቍጥር በዕቃው ላይ ያሳርፍ። ደረሰኙ የብሩን ዋጋና የእጅ ዋጋውን ለየብቻ ያሳይ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ የሚወሰን ስለሆነ፥ ትእዛዝ የሚሰጥ ነጋዴ ቀብድ አስቀድሞ ይክፈል፤ ሥራ ቤቱም የሰጠው ዋጋ እስከ ስንት ቀን እንደሚጸና በጽሑፍ ይግለጽ። በእጁ አሮጌ ጌጥ የገባለት አንጥረኛም ወደ ማቅለጫ ከመክተቱ በፊት ቅርጹን ይቅዳ፥ ፎቶግራፉን ያንሣ፤ ቅርስነቱ ካጠራጠረውም ለቅርስ ባለ ሥልጣን ያሳይ። የቀለጠ ብር ዋጋው አይጠፋም፤ የቀለጠ አብነት ግን ተመልሶ አይገኝም።