ከጾሙ ጋር የመድኃኒቱ ፌስታልም ይታይ

ረመዳን ሲገባ የቤታችን ሰዓት ይለወጣል። ምግቡም፣ እንቅልፉም፣ ሥራውም በኢፍጣርና በሱሁር ዙሪያ ይደራጃል። አብሮ የሚለወጥ፣ ግን ብዙም የማናወራለት ነገር አለ፤ እርሱም መድኃኒት ነው። በቀን ሦስት ጊዜ ይዋጥ የነበረው በሌሊቱ ጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይጠጋጋል። አንዳንዱ ይዘለላል፣ አንዳንዱም ተደርቦ ይዋጣል።

ይህ ነገር በተለይ የመገጣጠሚያ ብግነት ላለባቸው ወገኖቻችን አሳሳቢ ነው። በደፈናው ቁርጥማት ብለን ከምንጠራቸው ሕመሞች አንዱ የሆነው ሩማቶይድ አርትራይተስ የሰውነት መከላከያ ኃይል የራሱን መገጣጠሚያ ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ይበዛል። ጠዋት ጣት አልታጠፍ የሚላት እናት፣ ማታ ሾርባውን የምታማስለውና ሳምቡሳውን የምትጠቀልለው ያችው እናት ናት። ሕመሟን ችላ ስትጾም ጽናቷን እናደንቃለን። ጽናቷ በየትኞቹ መድኃኒቶች እንደቆመ ግን አንጠይቅም።

ደምበጫን እንውሰድ። ከተማዋ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በደብረ ማርቆስና በፍኖተ ሰላም መካከል ትገኛለች። መንገዱ ሕክምናን አቅርቧል፤ መድኃኒቱን ግን በትኖታል። የአንዲት እናት የቁርጥማት መድኃኒት አዲስ አበባ፣ የደም ግፊቷ ደብረ ማርቆስ የታዘዘ፣ ማስታገሻዋ ከሰፈር መድኃኒት ቤት የተገዛ፣ ሌላው ደግሞ ዓረብ አገር ካለች ልጇ የተላከ ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱ ባለሙያ ያየው የራሱን ብቻ ነው። ሁሉም የሚገናኙት በእናታችን ፌስታል ውስጥ ነው። ስለዚህ ፌስታሉን በሙሉ አንድ ባለሙያ ሳያየው ጾም መጀመር የለበትም ባይ ነኝ።

ምክንያቴን ልዘርዝር። ለዚህ ሕመም በስፋት የሚታዘዘው ሜቶትሬክሴት በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚወሰድ ነው። በስህተት በየቀኑ ቢዋጥ መቅኔን አዳክሞ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። ሰዓት በሚዘበራረቅበት በዚህ ወር ቀኑ እንዳይምታታ አንድ የቤተሰብ አባል መከታተል አለበት። ይህን መድኃኒት የምትወስድ ሴት የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይዟት ኮትሪሞክሳዞል ብትገዛ ደግሞ የሁለቱ ድምር ለመቅኔ እጅግ አደገኛ ነው። የአፍ መቁሰል፣ ትኩሳት፣ ያለ ምክንያት የሚመጣ መድማት ከታየ ለነገ የሚባል አይደለም።

ሁለተኛው ዳይክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን ናቸው። እነዚህ ማስታገሻዎች ከፕሬድኒሶሎን ጋር ሲወሰዱ የጨጓራ ቁስለትና የመድማት አደጋ ይጨምራል። ከኢናላፕሪልና ሽንት ከሚያበዛ የደም ግፊት መድኃኒት ጋር ሲደረቡ ደግሞ ኩላሊትን ይጎዳሉ። ቀኑን ሙሉ ውኃ ያልቀመሰ ሰው ኩላሊት ለዚህ ጉዳት ይበልጥ ይጋለጣል። ማስታገሻዎቹ ሜቶትሬክሴት በኩላሊት በኩል እንዳይወገድም ሊያደርጉ ይችላሉ። ሐኪም ሁለቱን አውቆ አብሮ ሊያዝ ይችላል፤ ያን ጊዜ ግን መጠኑን ወስኖ፣ በደም ምርመራ እየተከታተለ ነው። ከጎረቤት የተዋሱት ኪኒን ይህ ክትትል የለውም።

መርፌስ? በ1997 እ.ኤ.አ. ጅዳ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የፊቅህ አካዳሚ ምግብነት የሌለው መርፌ ጾም እንደማያስፈታ ወስኗል። ይህን የሰሙ አንዳንዶች «ታዲያ ቀን ቀን ዳይክሎፌናክ ልወጋ» ይላሉ። ጾሙ ላይፈታ ይችላል፤ ጨጓራና ኩላሊት ግን አይድኑም። መድኃኒቱ ጨጓራን የሚጎዳው ሲዋጥ ብቻ ሳይሆን በደም ውስጥ ዞሮም ነው። የፊቅህ መልስ የሕክምና መልስ አይደለም።

«እንግዲያው መድኃኒቱን ለአንድ ወር ማቆም ነዋ» የሚልም ይኖራል። ይህ የባሰ ነው። ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ፕሬድኒሶሎን በድንገት ሲቆም ሰውነት በራሱ የሚያመነጨውን ሆርሞን ለማምረት ጊዜ ስለሚፈልግ ሰው ራሱን እስከ መሳት ሊደርስ ይችላል። ብግነቱም አገርሽቶ መገጣጠሚያን ያበላሻል። ብዙዎቹ መድኃኒቶች በሐኪም ምክር ከሌሊቱ ጋር ይስማማሉ። በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰደው ፕሬድኒሶሎን ከሱሁር ምግብ ጋር፣ ሜቶትሬክሴትም በተወሰነለት ቀን ከኢፍጣር በኋላ ሊሆን ይችላል። ከኢፍጣር እስከ ሱሁር ደግሞ ውኃ በርከት አድርጎ መጠጣት ያስፈልጋል።

የማይስማማለት ሰውም አለ። ለእርሱ ሃይማኖቱ አስቀድሞ መልስ ሰጥቷል። ሱረቱል በቀራ በ184ኛውና በ185ኛው አንቀጽ ለታመመ ሰው ሌላ ቀን እንዲያካክስ ፈቅዷል። መዳን የማይጠበቅለት ሰው ፊድያ እንደሚሰጥ ዑለማዎች ያስተምራሉ። አላህ የሰጠውን ፍቃድ መቀበል ከአማኝነት አያጎድልም። ችግሩ ያለው እኛ ዘንድ ነው። «ዘንድሮ አልጾሙም እንዴ?» የምትለው ጥያቄያችን ስንቷን እናት በድብቅ ማስታገሻ እንድትውጥ እንዳደረገች አላህ ይወቀው።

ስለዚህ ልጆች ከዛሬ ጀምሮ የእናት አባታችሁን መድኃኒት ሁሉ፣ ጥቁር አዝሙዱንና ሌላውን የባህል መድኃኒት ጭምር፣ በአንድ ፌስታል ሰብስባችሁ ወደ ሐኪም ወይም ወደ ፋርማሲ ባለሙያ ውሰዱ። «ይጾማሉ፤ የትኛው ከየትኛው አይስማማም? የትኛውስ መቼ ይወሰድ?» ብላችሁ ጠይቁ። የመድኃኒት ባለሙያዎችም በዚህ ወር ማስታገሻ ከመሸጣችሁ በፊት «ሌላ ምን ይወስዳሉ?» ማለትን አትርሱ። ኢማሞቻችንም ከተራዊህ በኋላ አንድ ምሽት ስለ ሕሙማን ፍቃድ ቢናገሩ ብዙ ቤት ይድናል።

ወሩ የጤናና የበረከት ይሁንልን። ረመዳን ሙባረክ!