በሽታን ስለ ማስታወቅ ሕግና ስለ ሕመምተኛ ምስጢር

በአሜሪካ ከሚኖሩት ምእመናን መካከል ሳንባ ነቀርሳ ተገኝቶብሃል የተባለ ሰው፥ ከሕመሙ ይልቅ ሐኪሙ ስሙን ለመንግሥት ማስታወቁ ሊያስጨንቀው ይችላል። ስለዚህ ሕጉ የሚያዝዘውንና የሚከለክለውን ባጭሩ እንገልጻለን።

ሕጉ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1741 ዓ.ም. ሮድ አይላንድ ገና የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሳለች፥ የመጠጥ ቤት ባለቤቶች ከእንግዶቻቸው ተላላፊ በሽታ የያዘው ሲያዩ እንዲያስታውቁ አዘዘች። በ1874 በማሳቹሴትስ ሐኪሞች በየሳምንቱ በፖስታ ካርድ ማስታወቅ ጀመሩ፤ ይህ ግን በፈቃድ ነበር። በ1883 ሚሺጋን ግዴታ አደረገችው። ዛሬ እያንዳንዱ ስቴት የየራሱ ሕግና የበሽታ ዝርዝር አለው፤ ሳንባ ነቀርሳና ኩፍኝ ግን በሁሉም ዘንድ ይገኛሉ።

አሠራሩም እንዲህ ነው። በሽታውን ያገኘው ሐኪም ወይም ላቦራቶሪ ለስቴቱ ወይም ለአካባቢው ጤና ጥበቃ ቢሮ ያስታውቃል። የሕመምተኛው ፈቃድ አይጠየቅም፤ በ1996 በወጣው ሕግ መሠረት የተደነገገው የሕክምና ምስጢር ጥበቃም ይህን አይከለክልም። ቢሮው አብረው የኖሩትን ለምርመራ ይጠራል፤ ነገር ግን የታመመው እገሌ ነው ብሎ አይነግራቸውም። ለፌዴራሉ መንግሥት የሚተላለፈው መረጃም ስም የለበትም።

ይህ ሁሉ የሚደረገው ለቅጣት አይደለም። የሳንባ ነቀርሳ በትንፋሽ ይተላለፋልና፥ በአንድ ቤት የሚያድሩ ሕፃናት በጊዜው ከተመረመሩ ሳይታመሙ መድኃኒት ሊሰጣቸው ይቻላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ በዚህ በሽታ ግን የአባት መደበቅ የሚጎዳው ልጁንም ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 13 እንደ ተጻፈው፥ በሥጋው ላይ ምልክት የታየበት ሰው ራሱን ለካህን ያሳይ ነበር እንጂ በድንኳኑ አይሸሸግም ነበር።

እንግዲህ ከሕጉ ውጭ የቀረው የእኛ አንደበት ነው። ቢሮው የጠበቀውን ስም በማኅበርና በጠበል ጸዲቅ ላይ የምናወጣው እኛው ከሆንን፥ ነገ የሚታመመው ወንድማችን ሐኪም ዘንድ መሄድን ይፈራል፤ ሲጠየቅም አብረውት ያደሩትን አይናገርም። ስለዚህ አባወራው ለጤና ሠራተኞች እውነቱን ይንገር፤ እማወራዋም ልጆቿን ታስመርምር። ጎረቤትም ከቅዳሴ የቀረውን ሰው ምክንያት ከመመርመር ይልቅ ምግብ አብስሎ ይላክለት።

እግዚአብሔር ለሕሙማን ሁሉ ምሕረቱን ይላክልን።