የተሰወረውን ውሃ በጨዋታ ስለ ማየት

ወንዝ ሲጐድል የላይኛውም የታችኛውም ገበሬ በዐይኑ አይቶ ይመሰክራልና ጠቡም ዕርቁም በአደባባይ ነው፤ ከምድር በታች ያለው ውሃ ግን ከሰው ዐይን የተሰወረ በመሆኑ፣ ባለ ሞተሩ ከገዛ ጕድጓዱ ሲቀዳ የጎረቤቱንም ድርሻ እየቀዳ መሆኑን ሳያስተውል፣ ጎረቤቱም የውሃውን መራቅ በዝናብ ማነስ እያሳበበ፣ ብዙ ዘመን ያልፋል። ይህን ረቂቅ ነገር ለገበሬው ልቡና ግዙፍ አድርጎ ለማሳየት ከመመሪያና ከስብሰባ ንግግር ይልቅ ጨዋታ እንደሚበልጥ አምናለሁ፤ ጨዋታን የሕፃናት ድርሻ አድርገው የሚንቁ ሹማምንትም ይህን እንዲያምኑ እወዳለሁ።

ለዚህ ምስክር የሚሆነኝ በህንድ አገር፣ በአንድራ ፕራዴሽ የተደረገው ነው። ሩት ማይንዘን ዲክ የተባሉት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በየመንደሩ 5 ገበሬዎችን በአንድ የጋራ ውሃ ዙሪያ አስቀምጠው፣ በየወቅቱ ከሁለት ሰብሎች አንዱን በምስጢር እንዲመርጡ አደረጉ፤ አንደኛው 1 መስፈሪያ ውሃ ጠጥቶ መጠነኛ ገቢ ሲሰጥ፣ ሁለተኛው 3 መስፈሪያ ጠጥቶ የላቀ ገቢ ይሰጣል፤ ዝናብ የሚተካው ግን ለሁሉም በድምሩ 5 መስፈሪያ ነው። ሁሉም ሁለተኛውን ቢመርጡ 15 ወጥቶ 5 ብቻ ይተካልና፣ ማንም በማንም ላይ ክፋት ሳያስብ የጋራው ውሃ በጥቂት ወቅቶች ይነጥፋል። ከዚያ በኋላ እየተመካከሩ እንዲጫወቱ ይፈቀድላቸዋል፤ በፍጻሜውም መንደሩ ተሰብስቦ ስለ እውነተኛው ጕድጓድ ይነጋገራል። የተጫወቱት መንደሮች ካልተጫወቱት ይልቅ የውሃ መዝገብ ወደ መያዝና የአጠቃቀም ደንብ ወደ ማውጣት ማዘንበላቸውን ተመራማሪዎቹ በ2018 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ገልጸዋል፤ ጨዋታ ብቻውን የውሃውን መጕደል እንደማይገታም ሳይሸሽጉ ተናግረዋል።

የጨዋታው ኀይል በምክክሩ ላይ ነው፤ ስለዚህ ምክክር ሳይኖር ገበሬን በስልክ ነጥብና ሽልማት ማባበልን፣ ጨዋታ ቢባል እንኳ፣ ከዚህ ጋር አንድ አድርጌ አልቆጥረውም።

በአገራችንም በመቂ አካባቢ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም በሞተር በሚለማበት ምድር፣ ይኸው ዐይነት ጨዋታ በገበሬዎች ዘንድ ተሞክሯል። ሙከራው በየአርሶ አደር ማሠልጠኛው እንዲቀጥል፣ የልማት ሠራተኛውም ጨዋታ መምራትን ከሙያው እንደ አንዱ አድርጎ እንዲማረው ያስፈልጋል። አንድ ነገር ግን አጥብቄ አሳስባለሁ፦ ለጨዋታው ባለ ትንሽ ማሳው ብቻ ተጠርቶ፣ መሬት ተከራይቶ በትልቁ ሞተር የሚያጠጣው ባለ ገንዘብ ቢቀር፣ ደኻው ቁጠባን ሲማር ውሃው በሌላ በኩል ተቀድቶ ያልቃልና፣ ቀበሌው ጥሪውን ሲጽፍ ከሁሉ አስቀድሞ የባለ ገንዘቡን ስም ያስገባ።