መብራት ሲጠፋ ውሃው ወዴት ይሄዳል?

ዓሣን በመስተዋት ገንዳ አኑሮ መመልከት ለቤተ ሰብ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው። ገንዳው ትልቅ እንደ ሆነ ግን ውሃው የሚጣራበት ሁለተኛ ገንዳ ከሥሩ ይደረግለታል። ውሃው በመውረጃ ቧንቧ ወደ ታች ይወርዳል፤ በዚያም ተጣርቶ በፓምፕ ኀይል ወደ ላይ ይመለሳል። ከፓምፑ የሚወጣው ቧንቧ ወደ ልዩ ልዩ ቅርንጫፍ ሲከፈል ማከፋፈያ ይሆናል። አንዱ ቅርንጫፍ ውሃውን ወደ ላይኛው ገንዳ ይመልሳል፤ ሁለተኛው ወደ ተጨማሪ ማጣሪያ ይወስደዋል፤ ሦስተኛው ውሃ በሚለወጥበት ቀን ለመቅጃ ያገለግላል። እንዲህ ሲሆን አንድ ፓምፕ የሦስቱን ሥራ ይሠራል።

እኛም ይህን ሥራ በቤታችን ስንጀምር አሳባችን ሁሉ በቅርንጫፎቹ ላይ ነበረ። መብራት ቢጠፋ ምን ይሆናል ብለን አልጠየቅንም። አንድ ሌሊት ጠፋ። የመመለሻው አፍ በውሃው ውስጥ ጠልቆ ስለ ነበረ፣ ፓምፑ እንደ ቆመ የላይኛው ውሃ በዚያው ቧንቧ ተስቦ ወረደ፤ የታችኛው ገንዳም ሞልቶ በወለሉ ላይ ፈሰሰ። መብራቱ በተመለሰ ጊዜ ፓምፑ የቀረውን ውሃ ወደ ላይ ልኮ ከጨረሰ በኋላ በባዶ ሲሠራ ተቃጠለ። ጧት ስንነሣ ዓሦቹ አየር ፍለጋ አፋቸውን ከውሃው ፊት ላይ አድርገው አገኘናቸው። ሁለቱ ሞተው ነበርና ልጆቻችን ሳያዩ አወጣናቸው።

ሒሳቡ ግን ቀላል ነበረ። ርዝመቱ 120፣ ወርዱ 50 ሳንቲሜትር በሆነ ገንዳ ውሃው 1 ሳንቲሜትር ሲጐድል 6 ሊትር ይወርዳል። የመመለሻው አፍ 5 ሳንቲሜትር ቢጠልቅ 30 ሊትር ይወርዳል ማለት ነው፤ በቧንቧው ውስጥ ያለው ሲጨመርበትም ከዚህ ይበልጣል። ስለዚህ በታችኛው ገንዳ ይህን የሚችል ባዶ ቦታ ምን ጊዜም ይተውለት፤ የመመለሻውም አፍ ከውሃው ፊት ብዙ አይጥለቅ። ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክል ቫልቭ ይረዳል፤ ነገር ግን ጉድፍ ከያዘው አይገጥምምና በእርሱ ብቻ መታመን አይገባም።

ማከፋፈያውን በሚመለከት፣ ዋናው ቧንቧ ከቅርንጫፎቹ ይልቅ ሰፊ ይሁን፤ በየቅርንጫፉም ቫልቭ ይደረግበት። አንዱ ሲዘጋ በሌሎቹ የሚያልፈው ውሃ ስለሚጨምር፣ አንዱን የነካ ሰው ሁሉንም ይመልከት። ከፓምፑ አጠገብ የሚፈታ መጋጠሚያ ካለ፣ ፓምፑን ለማጠብ ቧንቧ መቁረጥ አያሻም። መዳብ በውሃ ሲሟሟ ዓሣን ይጐዳልና ቧንቧውም መጋጠሚያውም ፕላስቲክ ቢሆን ይመረጣል።

ሥራው ሲፈጸም፣ ዓሣ ከመግባቱ አስቀድሞ ፓምፑን በገዛ እጃችሁ አጥፉትና ውሃው መውረዱን እስኪያቆም ጠብቁ። ያልፈሰሰ እንደ ሆነ ፓምፑን መልሳችሁ አስነሡ፤ ውሃው በታችኛው ገንዳ የቆመበትንም ልክ በመስተዋቱ ላይ በቀለም አስምሩ። ከዚያ መሥመር በላይ ውሃ አይጨመር። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይባላልና ፈተናው በቀን፣ ሰው ቆሞ ሳለ ቢደረግ ይሻላል።